ያልነበሩት ሦስት አንቴናዎች

ሰው ሲያፍር ብዙ ጊዜ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ግን የማፍረው ሽቅብ ሳይ ነው። የስልክ ማማ ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል። አሁን ደግሞ አገሩ ሁሉ ማማ ሆኗል፤ ሳላፍር የምሄድበት መንገድ ጠፍቷል። አንድ ወዳጄ «ለሰው ብትነግረው ይቀልልሃል» ብሎ መከረኝና መጀመሪያ ለራሱ ነገርኩት። ሁለት ጊዜ ሳቀ፤ አንድ ጊዜ ዝም አለ። ሳቁን ቻልኩት፤ ዝምታው ነው የከበደኝ። እናንተም እንዳሻችሁ ሳቁ። ዝም የምትሉበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ግን እባካችሁ እኔን አትዩኝ።

ነገሩ የሆነው ክልሉ ገና በእግሩ ለመቆም በሚፍጨረጨርበት፣ ተንቀሳቃሽ ስልክም አሶሳ ከገባ ብዙ ባልቆየበት ጊዜ ነው። እኔ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ የመረጃ ባለሙያ ነበርኩ። «የመረጃ ባለሙያ» ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሥራዬ ቅጽ ማስሞላት፣ የተሞላውን ቅጽ ወደ ሌላ ቅጽ መገልበጥ፣ ከዚያም የሁለቱን ቅጾች ድምር በሦስተኛ ቅጽ ላይ ማስፈር ነበር። በቢሮው አምስት ሰዎችና ሦስት ወንበሮች ነበርን። ማኅተማችን ግን ከወንበሮቹ ቀድሞ ስለ ደረሰ ሥራ አልቆመም።

አለቃዬ አቶ ፍስሐ ጥሩ ሰው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አይወዱም፦ በቅጽ ላይ ባዶ ቦታ ማየት። «ባዶ ቦታ ያለበት ቅጽ አዝራሩ የተበጠሰ ሱሪ ነው» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ነገር እወድ ነበር፦ የራሴን የእጅ ጽሑፍ። አትሳቁ፣ በእውነት ያምራል። በተለይ ሦስት ቁጥሬ ልዩ ነው፤ ሆዱን ገባ፣ ጀርባውን ቀና አድርጌ ስጥለው ራሴን ይገርመኛል። እንግዲህ ባዶ ቦታ የማይወድ አለቃና ሦስት መጻፍ የሚወድ ሠራተኛ ተገናኘን። የቀረውን የሠራው መንገዱ ነው።

አንድ ቀን «የመሠረተ ልማት ቅጽ» የሚባል ነገር ወጣ። በየቀበሌው ምን አለ፣ ምን የለም የሚል ነው። ለብቻዬ መኪና ስላልነበረኝ ወደ ሸርቆሌ የሚሄዱ የጤና ሰዎች መኪና ላይ ተለጠፍኩ። ሾፌሩ በየቀበሌው የሚሰጠኝ ዐሥር ደቂቃ ነው። ዐሥሩ ሲሞላ ጥሩምባ ይነፋል፤ ሁለተኛ ከነፋ ትቶኝ ይሄዳል። እኔም ቅጽ እየሞላሁ መሮጥ፣ እየሮጥኩ መሙላት ለመድኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ ነበር፤ ያኔ ግን ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

በአሶሳና በሸርቆሌ መካከል ወዳለች አንዲት ቀበሌ ደረስን። ስሟን አልጠራም፤ ጠርቼ ሁለተኛ ከማስቀይማት ይቅር። ማንጎዎች፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ደግሞ አንድ ረጅም የብረት ማማ አላት። ማማውን ያቆመው አንድ የእርዳታ ድርጅት ነው። ቀድሞ እዚያ ጣቢያ ነበረው፤ ከስደተኞቹ መጠለያ ጋር በሬድዮ ይነጋገርበት ነበር። በኋላ ድርጅቱ ሬድዮውንና ሽቦውን ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ማማውንና የማማውን ዘበኛ ግን ለቀበሌው ትቷቸው ሄደ። ሁለቱም እንደ ቆሙ ናቸው።

ዘበኛው አቶ ኢድሪስ ይባላሉ። የመጀመሪያ ልጃቸው ሐዋ ስለሆነች አገሬው የሚጠራቸው አቡ ሐዋ ብሎ ነው፤ የሐዋ አባት ማለት ነው። የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም። ድርጅቱ የሰጣቸውን ወፍራም የዘበኛ ካፖርት ከነአዝራሩ ቆልፈው ይለብሳሉ። በዚያ ሙቀት! እኔ በሸሚዝ ቀልጬ ልሞት ደርሻለሁ፣ እሳቸው በካፖርት ከማማው ሥር ቆመዋል። በኋላ ስጠይቃቸው «ካፖርት ካወለቅኩ ሰው ማን ዘበኛ እንደ ሆነ በምን ያውቃል?» አሉኝ።

ቅጹን አወጣሁ። «ማማ፦ አለ ወይስ የለም?» ይላል። አለ ብዬ ጻፍኩ። እስከዚህ እውነተኛ ሰው ነበርኩ። «በማማው ላይ ያለ የስልክ አንቴና ብዛት» ይላል ቀጥሎ። ቀና ስል ፀሐይዋ ልክ ከማማው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኔን እንባ ሞላው፤ ጥሩምባው ጮኸ። አሶሳ ያለው ማማ ሦስት እንዳለው አውቃለሁ፤ ሻይ እየጠጣሁ ቆጥሬዋለሁ። ማማ ማማ ነው አልኩና ሦስትን ጻፍኩ። እንዴት እንደ ወጣችልኝ! «የስልክ አገልግሎት» ይላል የመጨረሻው። ስልኬን አየሁት፤ ኔትወርክ የሚባል የለውም። ስልኬ አሮጌ ስለ ነበር ጥፋቱን ለእሱ ሰጠሁና «በመስጠት ላይ» ብዬ ጻፍኩ። ከጎኔ ያን ማማ ለስንት ዓመት ሌት ተቀን ሲያዩት የኖሩ ሰው ቆመው ነበር። አልጠየቅኳቸውም። የተማረ ሰው ዘበኛ አይጠይቅም።

ከሥር «የተረካቢ ፊርማ» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። ባዶ ቦታ ደግሞ አይቻልም። የቀለም ሙዳዩን ከፍቼ ወደ አቡ ሐዋ ዘረጋሁ።

«ያ ኡስታዝ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?» አሉኝ። ቅጽ የያዘ ሰው ሁሉ ለእሳቸው አስተማሪ ነው።

«ማማውን የሚጠብቁት እርስዎ እንደ ሆኑ ነው የሚለው።»

«እሱ እውነት ነው» አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ወረቀቱ ላይ ቀስ አድርገው አሳረፉ። ሁለተኛው ጥሩምባ ሲነፋ ሁለት ማንጎ አስያዙኝ። መንገድ ላይ ሁለቱንም በላኋቸው፤ ጣፋጭ ነበሩ።

ወራት አለፉ። የስልክ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። በየገጠሩ አዲስ ማማ ከማቆም፣ ቀድሞ የቆመ ማማ ባለበት ባለቤቱን አስፈቅዶ የራሱን አንቴና መስቀል ነው። ጎረቤት ባቆመው ምሰሶ ላይ ልብስ ማስጫ ገመድ እንደ ማሰር ማለት ነው፤ ሁለቱም አይጎዱም። እና «ማማ ኖሯቸው የስልክ አገልግሎት የሌላቸውን ቀበሌዎች ዝርዝር ላኩልን» የሚል ደብዳቤ ጻፈልን። ዝርዝሩን እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት። ያቺ ቀበሌ አልገባችም። እንዴት ትገባለች? በእኔ ቅጽ መሠረት እኮ ስልክ ከጀመረች ሰነበተች።

የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ሙሳ ይህን ሰምቶ በሸርቆሌ ሚኒባስ አሶሳ ድረስ መጣ። ቢሮዬ ገብቶ ከፊቴ ቆመ።

«የክልሉ ሰው፣ እኛ ማማ አለን። ለምን ተዘለልን? የእኛ ሴት ምጥ ሲይዛት አምቡላንስ ለመጥራት ሰው በብስክሌት ነው የምንልከው። ብስክሌቱ ደግሞ አንዳንዴ ጎማ የለውም።»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃ ነበር፦ ተሳስቻለሁ። ሰባት ፊደል አይሞላም። ነገር ግን አቶ ፍስሐ ከበሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ፤ ያንን ቅጽ ደግሞ በስብሰባ ላይ ከፍ አድርገው «ቅጽ ማለት እንዲህ ነው» ብለው ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ «እናየዋለን» አልኩ። እናየዋለን የመሥሪያ ቤት ሰው ሲደነግጥ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ከዚያ ተቀምጬ ለስልክ መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በቀበሌው ሲሰጥ የነበረው አገልግሎት ለጊዜው የተቋረጠ ስለሆነ እንዲታይልን።» በራሴ ተደነቅኩ። አንቴናው ይሰቀላል፣ ሰዎቹ ይደውላሉ፣ እኔም አልዋረድም። እንዲያውም ለአንድ ሳምንት ያህል ራሴን እንደ ብልህ ሰው ቆጥሬው ነበር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ግን እያደር ከበደ። የስልክ መሥሪያ ቤቱ «ተቋረጠ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው የሚልከው ሰቃይ ሳይሆን ጠጋኝ ነው። ጠጋኟ ትዕግሥት የምትባል፣ ነገር የማይገርማት፣ በወገቧ የብረት መንጠቆ የታጠቀች ቴክኒሻን ነበረች። እኔም «ቦታውን የሚያሳይ ባለሙያ» ተብዬ አብሬያት ተላክሁ። ቀበሌው ሁሉ ወጥቶ ጠበቀን። አቡ ሐዋ አጥሩን ከፈቱላት። ሴት ማማ ስትወጣ አይተው ስለማያውቁ እናቶች እልል አሉላት። ጫፍ ደረሰች፤ ዞር ዞር ብላ አየች፤ ወረደች። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

«ወንድሜ፣ ምኑን ነው የምጠግነው?»

«አንቴናውን።»

«የቱን? ላይ ያለው አንድ የአሞራ ጎጆ ነው። እሱ ደግሞ አልተቋረጠም፣ ሁለት እንቁላል አለው።»

ሰው ሳቀ። እኔም ከሁሉ በላይ ሳቅኩ። ትዕግሥት ግን ከቦርሳዋ የእኔን ቅጽ አውጥታ ዘረጋች። «ሦስት አንቴና ይላል። ተረካቢም ጣቱን አሳርፏል። የት ሄዱ?»

ሳቁ ቆመ። ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ አቡ ሐዋ ዞረ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ዞሬ አየኋቸው። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። እሳቸው የካፖርታቸውን የላይኛ አዝራር ነካ ነካ እያደረጉ ሽቅብ ያያሉ።

ትዕግሥት ያየችውን ጻፈች፦ «ሦስት አንቴና በቦታው አልተገኘም።» እሷ ምንም አላጠፋችም። ይህ ወረቀት አሶሳ ሲደርስ «ሦስት አንቴና ጎድሏል» ሆነ። ከአሶሳ ወደ ወረዳው ሲወርድ «ሦስት አንቴና ተሰርቋል» ሆነ። የስልክ መሥሪያ ቤቱም «ሌባው ሳይያዝና ነገሩ ሳይጣራ አዲስ አንቴና አንሰቅልም» አለ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ቀበሌዋ ስልክ አጣች፤ አቡ ሐዋ ደግሞ ስማቸውን ሊያጡ ነው።

ለምርመራ የመጣው ሳጅን ገመቹ የሚባል የባምባሲ ሰው ነው። ጠንቃቃ ነው፤ ችግሩ የሚፈልገውን ነገር መልክ አያውቀውም። ቤት ለቤት ሄዶ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ አስወጣ። ከአቡ ሐዋ ቤት አንድ ማጭድና አንድ አሮጌ ሬድዮ ተገኘ። ከአንዱ ሻይ ሻጭ ጣሪያ ላይ ደግሞ ታጥቦ እንዲደርቅ የተሰጣ ክብ የሻይ ትሪ ተገኘና ተያዘ። ለዚህ ምርመራ «ባለሙያ» ሆኜ የተጠራሁት እኔው ነኝ።

«የክልሉ ሰው፣ ይሄ አንቴና ነው?» አለኝ ሳጅኑ ትሪውን ወደ ብርሃን አዙሮ።

ትሪውን ተቀበልኩት። ገለበጥኩት። በጣቴ አንኳኳሁት። ሻይ ሻጩ አፌን አፌን ያያል። «በእርግጠኝነት ለመናገር ያስቸግራል» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ትሪ ነው! ሻይ የጠጣሁበት ትሪ ነው! ግን «አንቴና አይደለም» ካልኩ ቀጥሎ «ታዲያ አንቴናው ምን ይመስል ነበር?» ሊለኝ ነው። ሳጅኑ ትሪውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ወሰደው። ያን ዕለት ቀበሌው ሻይ የጠጣው ብርጭቆ በእጁ እየተቀባበለ ነው።

የቀበሌው ሽማግሌዎች ነገሩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት መሀል ገቡ። ዓርብ ከስግደት በኋላ በማንጎው ሥር ይሰበሰባሉ፤ አቡ ሐዋ ቁርኣን ይዘው «የተረከብኩት አልጠፋም፣ አልወሰድኩም፣ አላስወሰድኩም» ብለው ይምላሉ፤ ከማሉ ሳጅኑ መዝገቡን ይዘጋል። ሳጅኑም ተስማማ፤ የእሳቸውን መሐላ የሚጠራጠር ሰው በአገሩ የለም። እኔ ይህን ስሰማ ትንፋሼ ተመለሰ። ይምላሉ፣ መዝገቡ ይዘጋል፣ አንቴናው ይሰቀላል፣ እኔም ሳልናገር እቀራለሁ! አቶ ፍስሐ ደግሞ «ጽሑፍህ ያምራል፣ ቃለ ጉባኤውን አንተ ያዝ» ብለው ላኩኝ።

ዓርብ ጧት ቀድሜ ደረስኩ። አቡ ሐዋ ከማማው ሥር ቆመዋል። ሊያበረታቱኝ የሚገባቸው ይመስል ፈገግ አሉልኝ።

«አቡ ሐዋ፣ ዛሬ ማሉና ይገላገሉ» አልኳቸው።

«ምን ብዬ ልማል?»

«አልጠፋም፣ አልወሰድኩም ብለው ነዋ።»

«አልወሰድኩም፣ ወላሂ። እሱ ቀላል ነው። ግን ጣቴ ወረቀት ላይ ሦስት ተረክቧል። አሁን ሦስት የለም። ‹አልጠፋም› ብዬ ቁርኣን ከያዝኩ ጣቴ ውሸታም ሆነ። ‹ጠፋ› ካልኩ አማና በላሁ። አማና ታውቃለህ? ሰው አምኖ የሰጠህ ነገር ነው። የቱን ልማል?»

«እሺ፣ አንቴናዎቹን በዓይንዎ አይተዋቸው ያውቃሉ?»

«እኔ አላየሁም። ግን የእኔ ዓይን ሽማግሌ ነው። ወረቀት መንግሥት ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ያ ኡስታዝ፣ የጻፍከው አንተ ነው። ወረቀቱ ልክ ነው?»

ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሳጅን የለ፣ አለቃ የለ፣ የሚሰማ ጎረቤት የለ። ሌላ እንዲህ ያለ ዕድል ማን ይሰጠኛል? እኔም አፌን ከፍቼ እንዲህ አልኩ፦ «ወረቀቱ... በወቅቱ በነበረው መረጃ መሠረት የተሞላ ነው።»

አቡ ሐዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነው ማለት ነው» አሉና ወደ መስጊድ ሄዱ።

ዝም የምትሉበት ቦታ ይህ ነው።

ከስግደት በኋላ ሕዝቡ በማንጎው ሥር ተቀመጠ። ሽማግሌዎች ከፊት፣ ሳጅን ገመቹ በአግዳሚ ወንበር ላይ፣ እኔ ከጎኑ ወረቀት ዘርግቼ። አቶ ሙሳ የአማርኛውን ወደ በርታ፣ የበርታውን ወደ አማርኛ ይመልሳል። ቁርኣኑ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ መጣ። አቡ ሐዋ ተነሡ። እጃቸውን ወደ ቁርኣኑ ዘረጉ፣ መለሱት።

«አልምልም» አሉ።

ማጉረምረም ተነሣ። የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይላል? መማል የፈራ ሰው ሌባ ነው ይላል። ከኋላ አንዱ ይህንኑ ሲል ሰማሁት። አቡ ሐዋም የሰሙ ይመስለኛል። የካፖርታቸውን አዝራሮች ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ፈቱ፤ አወለቁት፤ በደንብ አጣጥፈው በሽማግሌዎቹ ፊት ምንጣፉ ላይ አኖሩት። ከሥር የለበሱት ሸሚዝ በላብ ተጣብቋል፤ ትከሻቸው ካሰብኩት በጣም ያነሰ ነው።

«አማና ጠፍቷል» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ይጠብቅ። እኔ ዘበኛ አይደለሁም።»

ልጃቸው ሐዋ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ መጣችና ካፖርቱን አነሣችው። አቅፋው ቆመች። እኔ በቃለ ጉባኤው ላይ «ካፖርት አስረክበዋል» ብዬ ጽፌ ነበር። እጄ መጻፉን አላቆመም እኮ! ያንን አረፍተ ነገር ዝቅ ብዬ ሳየው፣ ጽሑፉ ሲያምር ሳይ፣ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ተነሣሁ።

«አንድ ጊዜ» አልኩ። «ማለት... በመሠረቱ በመረጃ አሰባሰብ ሂደቱ ላይ የተወሰነ ክፍተት ነበር።»

አቶ ሙሳ ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል። «ይሄን በበርታ አላውቀውም። አሳጥርልኝ።»

«መስክ ላይ ከነበረው የጊዜ እጥረት የተነሣ፣ በቅጹ የሰፈረው አኃዝ በተጨባጭ መሬት ላይ ካለው ሁኔታ ጋር...»

«አሁንም ረዥም ነው።»

«ያልተጣጣመ ሆኖ...»

«የክልሉ ሰው» አለ አቶ ሙሳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዋሸሁ ማለትህ ነው?»

«አዎ» አልኩ። «አንቴና አልነበረም። ሽቅብ በደንብ ሳላይ ነው የጻፍኩት። እሳቸውንም ምን ላይ እንዳስፈረምኳቸው አልነገርኳቸውም።»

አቶ ሙሳ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ያ ሁሉ የእኔ ንግግር በበርታ ሲሆን አንዲት አጭር ነገር ናት፤ ተናገራት። ያ ሁሉ ዓይን ወደ እኔ መጣ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ማንም አልሰደበኝም። መጀመሪያ የተናገረው ሻይ ሻጩ ነው።

«እንግዲያው ትሪዬን ስጡኝ» አለ።

ሳቁ ከየት እንደ ፈነዳ! አሮጊቶቹ መሬቱን እየመቱ ሳቁ። ሳጅን ገመቹ ብቻ አልሳቀም። «እኔ መኪና አጥቼ ግማሽ ቀን በእግሬ የመጣሁት ያልነበረ ዕቃ የሰረቀ ሌባ ልይዝ ነው?» እያለ ከረጢቱን ይፈታል። «አሁን መዝገቡ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ‹የጠፋው ዕቃ አልተፈጠረም› ልበል?»

አቡ ሐዋ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ካፖርቱን ከልጃቸው ተቀብለው ለበሱ። ከታች ጀምረው እስከ ላይ ቆለፉ። ከዚያ መጥተው እጄን ያዙኝ።

«ሌላ ወረቀት ጻፍ» አሉ። «ግን እየነካህ ጻፍ።»

እጄን እንደ ያዙ ወደ ማማው ወሰዱኝ፤ ሕዝቡ ተከተለን። «ማማ፣ አንድ» ብዬ ስጽፍ መዳፌን ከብረቱ ጋር አገናኙት። የከሰዓት ፀሐይ ያረፈበት ብረት ነው፤ ዘለልኩ። «አለ» አሉ። «አለ» አለ ሕዝቡ። «አጥር» ስል ዙሪያውን እየነካሁ አዞሩኝ፤ አንዱ ሽቦ ሸሚዜን ቀደደው። «አንቴና» ስል አገጬን በሁለት ጣት ይዘው ሽቅብ አቀኑት። ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች። እንባዬ ወረደ፤ ከፀሐይዋ ነው አልኩ፤ እሱንም ማንም አላመነኝም። «የለም» አልኩ። «ድምፅህን ከፍ አድርግ» አሉኝ። «የለም!» ስል አሞራዋ ከጎጆዋ ተነሥታ በረረች። ከዚህ በኋላ አቡ ሐዋ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ።

አሶሳ ስመለስ አቶ ፍስሐ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ሰጡኝ ይባል እንጂ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ «ጽሑፍህ ያምራል፣ ራስህ ጻፈውና አምጣልኝ፣ እፈርማለሁ» አሉኝ። በሕይወቴ የጻፍኩት እጅግ የተጨማለቀ ደብዳቤ እሱ ነው። እጄ እንቢ አለ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ ቀን ቢሮ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላውቀውም።

«ያ ኡስታዝ!» የሚል ድምፅ ጆሮዬን ሊያደነቁረው ምንም አልቀረው፤ ያለ ስልክም አሶሳ የሚደርስ ድምፅ ነው።

«አቡ ሐዋ! ኔትወርክ ገባ?»

«ገባ፣ አልሐምዱሊላህ! ሰዎች መጣ፣ ሰቀለ፣ ጨረሰ። አሁን ወረቀት አመጣ፣ ‹ፈርም› ይላል። ና፣ አንብብልኝ።»

ደስታዬ እንዳለ ሆኖ ደነገጥኩ። «አቡ ሐዋ፣ እኔ አሶሳ ነኝ እኮ። ሚኒባሱም ሄዷል። እዚያው ሐዋ አለች፣ ተምራለች፤ አቶ ሙሳም ያነባል። እነሱ ያንብቡልዎት።»

«እነሱ ማንበብ ያውቃል» አሉ። «እሱን አውቃለሁ። ግን እነሱ ገና አላፈረም። አንተ አፍረሃል። አንተ ና።»

ወደ ሸርቆሌ የሚሄድ የጭነት መኪና ለምኜ፣ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ።